ብዙ ሴቶች አብረው የሚመሩት ፊልም የቱ ነው? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ በካሴት ዘመን ፊልም ሳከራይ፣ አሁን ደግሞ በፍላሽ ስጭን ኖሬያለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ነገር ዙሪያ ሆኑ። አንዲት ጀግና ብቻዋን የምትሮጥበት ሳይሆን ብዙ ሴቶች አብረው የሚመሩትን ፊልም ነው የምትፈልጉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከእናቴና ከአክስቶቼ ጋር ቡና ላይ የምናየው ምረጡልን። ቤታችን ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ።

መልስ፦ ለእናንተማ የሊባኖሷ ናዲን ላባኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው «አሁን ወዴት እንሂድ?» ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለአጠገብ የቆሙበት መንደር ነው። ወንዶቹ በረባ ባልረባው ሊጣሉ ሲነሱ ሴቶቹ ተማክረው መላ ይፈጥራሉ። መክፈቻው እንዳያመልጣችሁ፦ ጥቁር የለበሱ እናቶች ደረታቸውን እየመቱ፣ ሙሾም ጭፈራም በሚመስል እርምጃ ወደ መቃብር ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ እኩሌቶቹ ወደ ክርስቲያኑ መቃብር፣ እኩሌቶቹ ወደ ሙስሊሙ። ሴቶቹ ወንዶቹን ለማደንዘዝ የሚጋግሩት ነገር ውስጥ ሀሺሽ የሚጨምሩበት ቦታ ስላለ ትንንሽ ልጆች ካሉ አስቡበት። የእኔ አክስት ግን እዚያ ላይ ስትስቅ ረከቦቱን ልትገለብጠው ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴ ከታች የሚጻፈውን አታነብም። ኦሮምኛና አማርኛ ብቻ ነው የምትሰማው።

መልስ፦ አንድ ወሬ የሚችል ልጅ አጠገቧ አስቀምጡ። እየተረጎመ ያውራላት፤ የሚጨምረው ቅመም ራሱ ሌላ ፊልም ነው።

ጥያቄ፦ «ድፍረት» ከዚህ ይመደባል?

መልስ፦ ግሩም ፊልም ነው፣ ግን የሁለት ሴቶች ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘ። ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው የሚሸከሙት፤ እውነተኛ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ የቀረው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ይህን አውቃችሁ ስታዩት የልጅቷ ዝምታ ይከብዳል።

እኔ ፖስተሩ ላይ ስንት ሴት አለ ብዬ አልቆጥርም። ወንዶቹ ከክፍሉ ሲወጡ ሴቶቹ ምን ያወራሉ፣ ማንስ ይወስናል? እሱን ነው የማየው።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካስ?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር «ሞላዴ»። ሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን በ81 ዓመቱ ያወጣው የመጨረሻ ፊልሙ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ከግርዛት ያመለጡ አራት ሕፃናት ኮሌ የምትባል ሴት ቤት ይገባሉ። እሷም ደጃፏ ላይ ባለ ቀለም ገመድ ትወጥራለች። ከጉልበት በታች ያለ ተራ ገመድ ነው፤ ግን ሞላዴ የሚሉት የከለላ ምልክት ስለሆነና ስለሚፈራ የሚሻገረው የለም። ወንዶቹ «ሴቶቹን ያበላሻቸው ሬዲዮ ነው» ብለው ሬዲዮውን ሁሉ ሰብስበው መስጊዱ ፊት ይከምሩታል፤ ክምሩ ውስጥ ሆኖ ያወራል፣ ይዘፍናል። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን ጣውንቷ ናት። ጣውንት ሲባል የምንጠብቀው ጠብ ነው፣ እዚህ ግን ታላቂቱ ከኮሌ ጎን ትቆማለች። ለልጆች ይከብዳል፤ ለትልልቆች ግን ከሁሉ በፊት ይህን እጭናለሁ።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ እየተማርን ነው፣ ዶርም ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን።

መልስ፦ «ሂድን ፊገርስ»፣ እ.ኤ.አ. 2016። በአሜሪካው የሕዋ ድርጅት ናሳ ውስጥ በሒሳብ ያገለገሉ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች። ካትሪን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ወደ ሕዋ ከመውጣቱ በፊት የኮምፒውተሩን ስሌት በእጇ አረጋግጣለች። ለጥቁሮች የተለየ መጸዳጃ ፍለጋ ስትሮጥ የምታዩት ግን የፊልም ጨው ነው፤ እውነተኛዋ ካትሪን የነጮቹን ነበር የምትጠቀመው።

ጥያቄ፦ የሴት ልጆች ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ።

መልስ፦ «ቻክ ዴ ኢንዲያ»፣ እ.ኤ.አ. 2007፣ የሴቶች ሆኪ። ሻህሩክ ካን አሠልጣኝ ነው፤ እንደለመድነው ዛፍ እየዞረ አይዘፍንም። ከየክልሉ የመጡት ተጫዋቾች መጀመሪያ እርስ በርስ ይናናቃሉ። አንድ ላይ ቡድን የሚሆኑት ሜዳ ላይ አይደለም፣ ምግብ ቤት ውስጥ የለከፏቸውን ጎረምሶች ሲደበድቡ ነው። ልጆችሽ እዚያ ላይ ደጋግመው ያስመልሱሻል።

ጥያቄ፦ እኛ ወንዶችስ ምን እንይ?

መልስ፦ እነዚህኑ። ፍላሹን ግን ባዶ አድርገህ አምጣ፤ ባለፈው ሳምንት ያመጣኸው ላይ የሠርግ ቪዲዮ ነበር፣ ልሰርዘው ፈርቼ ነው የመለስኩህ።