ፋሲካ የሌለው ጾም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ባንክ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ከ2 ዓመት በፊት ሐኪም ክብደትሽን ቀንሺ አለኝ። ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛንም ገዛሁ። 11 ኪሎ ቀነስኩ። ሐኪሙም አሁን ይበቃሻል አለኝ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። ማዕድ ሲቀርብ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኩ የማያውቀውን ምግብ ጭራሽ መብላት ትቻለሁ፤ የእናቴ ሱፍ ፍትፍት ስልኩ ላይ ስለሌለ ቀረ። የምበላውም ጣዕም የለውም፤ ገለባ ገለባ ይለኛል። ባለፈው በ21 የማርያም ማኅበር ላይ ጸበል ጸዲቁን ተቀብዬ፣ የበላሁ መስዬ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ለጥበቃው ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌላም አለ። ጾም ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ደስ የሚለኝ ግን ካሎሪው ስለሚቀንስልኝ ነው። ምግብ መለካት ኃጢአት ነው ወይ? ጾሜስ ጾም ይባላል? ሚዛኑን ልጣለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ጥበቃው በረከቱን አግኝቷል፤ በዚህ በኩል የባከነ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ቀላል ነው። መለካት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው እንጀራውን ለክቶ ቢበላ፣ ደም ግፊት ያለበት ጨው ቢቀንስ፣ የተሰጠውን ሥጋ እየጠበቀ ነው። እኔንም ሐኪም ጨው ቀንስ ብሎኝ ሽሮዬን አልጫ አስመስዬ ነው የምበላው። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው እግዚአብሔር ራሱ መስፈሪያ አዝዞላቸዋል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር። ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም። ስለዚህ መለካት ከእግዚአብሔር ቤት የወጣ ነገር ነው።

ግን ያንኑ ምዕራፍ፣ ኦሪት ዘጸአት 16ን፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መስፈሪያውን የጻፈው ሙሴ ጣዕሙንም ጽፏል። መናው ነጭ ነበር፤ ጣዕሙም ማር እንዳለበት ቂጣ ነበር ይላል። ይህን ለምን ጻፈው? ለሕይወት የሚያስፈልገው መጥገብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣዕሙ ምን ያደርጋል? እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣዕም በሌለው ነገር ማጥገብ ይችል ነበር። አላደረገውም። አንቺ ጎሞሩን ይዘሽ ማሩን ጥለሽዋል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሌላ ቦታም ትዝ አለኝ። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 4። እግዚአብሔር ነቢዩን ምግብህን በሚዛን ብላ ይለዋል፤ በቀን 20 ሰቅል። በእኛ ሚዛን ሩብ ኪሎ አይሞላም። ውኃውም በልክ ነው። ይህ ግን ጾም አይደለም፤ ትምህርተ ጽድቅም አይደለም። ምልክት ነው። ኢየሩሳሌም በጠላት ልትከበብ ነው፤ ያኔ ሰዎቿ እንጀራን በሚዛንና በጭንቀት ይበላሉ ማለቱ ነው። ሁለቱን ቃል አብሮ ነው ያስቀመጣቸው፤ ሚዛንና ጭንቀት። የተከበበ ከተማ እንደዚያ ነው የሚበላው።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። የ77ቱን ያየ ሰው በየቤቱ አለ። እናቴ የእርዳታ ስንዴ በጣሳ ሲሰፈር የነበረውን ዝምታ ትነግረን ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑ ጣሳው አፍ ላይ ነው፤ ሞላ? ጎደለ? ልጅ እንኳ አያለቅስም ነበር ትላለች። ይህን የማነሳው ላሳፍርሽ አይደለም። «ሰው እህል አጥቶ ባለቀበት አገር አንቺ ታማርጫለሽ?» የሚልሽ አይጠፋም። እኔ አልልሽም፤ እንዲህ ያለ ተግሣጽ የተጨነቀን ሰው የባሰ ያስጨንቃል እንጂ አያበላም። የምለው ሌላ ነው። ያኔ ሰው እህል በስፍር የሚበላው ስለተከበበ ነበር፤ በረሃብ ተከቦ። የአንቺ መሶብ ሙሉ ነው። ሐኪሙም በቃሽ ብሏል። ታዲያ አንቺን የከበበሽ ማን ነው? ይህን ጥያቄ እኔ አልመልስልሽም። አንቺ ራስሽ ቁጭ ብለሽ አስቢበት።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጾምና ዳየት ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ይከለክላሉ፤ በሁለቱም ሆድ ይጮኻል። ግን ቤተ ክርስቲያን ስትጾም ምን እንደምትለካ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሰዓት ትለካለች፤ እስከ 9 ሰዓት ትላለች። የምግብ ዓይነት ትለያለች፤ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይቆዩ ትላለች። ቀን ትቆጥራለች፤ ዐቢይ ጾም 55፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3። ግራም ግን አትቆጥርም። ከ9 ሰዓት በኋላ ስንት ጉርሻ ጎረስክ ብሎ የሚጠይቅ ቄስ አላየሁም። በመጠን ብላ ትላለች፤ መጠኑን ግን ለራስህና ለንስሐ አባትህ ትተዋለች።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጾማችን ማብቂያ አለው። ይህን ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ጹሙ ስትል በምታዝበት አንደበት ብሉም ትላለች። በዐቢይ ጾም ውስጥ እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል፤ እስከ 9 ሰዓት አይቆይም። ፋሲካ ሌሊት ቅዳሴው ሲያበቃ ዶሮው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ 50 ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በበዓለ ሃምሳ ልጹም የሚል ሰው ቢመጣ፣ በርታ አይባልም፤ ተው ይባላል። ክርስቶስ ተነሥቶ አንተ ታዝናለህ እንዴ ይባላል። ልደትና ጥምቀትም ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላባቸዋል።

የአንቺ ልኬት ግን ፋሲካ የለውም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። 2 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልፈሰክሽም። በፋሲካ ሌሊት ዶሮውን መዝነሽ እንደበላሽ እገምታለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ሐኪሙ ጨርሰሻል ሲልሽ፣ ያ ለአንቺ ትንሣኤ መሆን ነበረበት። ደወሉ ተደወለ፤ አንቺ አልሰማሽም።

ጾሜ ጾም ነው ወይ ላልሽው እንግዲህ፣ ጾምሽ ከንቱ ነው አልልሽም። እኔ የልብ መዛኝ አይደለሁም። በጾም ሰውነቱ ቀለል ሲለው ደስ የማይለው ሰው የለም፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ጾሙ የራሱን ሥራ እንዳይሠራ መደረጉ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የወደደው ጾም ምን እንደሆነ ተጽፏል፤ እንጀራህን ለተራበው ትቆርስ ዘንድ ይላል። በጾም የቀነስሽው ወደ ሌላ ሰው አፍ መሄድ አለበት። አንቺ ዘንድ ግን የቀነስሽው ወደ ስልኩ ይገባና ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሚመጣው ጾም አፑን አጥፊው። ጾሙን ሙሉ። ከቁርስ የተረፈሽን ብር ደግሞ ለይተሽ አስቀምጪ፤ በራፍሽ ላይ ለምትቀመጠው እናት ይሁን። «ዛሬ ቁርስ አልመዘገብሽም» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ አዎ፣ ጾመኛ ነኝ በይው።

ስለ ጣዕሙ ትንሽ ላውራሽ፤ ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ይልቅ ከአኮፋዳ ነው የተማርኩት። በልጅነቴ ላስታ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲፈታ ደበሏችንን ለብሰን በየመንደሩ እንበተናለን። በእንተ ስማ ለማርያም እያልን። አንዱ ቤት የገብስ እንጀራ ቁራሽ ይሰጡሻል። ሌላው ቤት የባቄላ ቆሎ። አንዱ የደረቀ ቂጣ፣ አንዱ ትናንት ሽሮ የነካው ፍርፋሪ። አንዱ ቤት ውሻ ብቻ ይሰጡሻል፤ ሮጠሽ ታመልጫለሽ። ሁሉም አኮፋዳ ውስጥ ይቀላቀላል። ማታ ጎጆ ውስጥ እናፈሰውና ከጓደኞቻችን ጋር አብረን እንበላለን። የእኔ ይህ ነው፣ የአንተ ያ ነው የለም። ያንን እህል ማን ይለካው ነበር? ስንት ቤት፣ ስንት እናት፣ ስንት ዓይነት እህል ነው? በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ርቦኝ ስለነበር ነው ትይኝ ይሆናል። ርሃቡም አለበት። ግን ብቻዬን የበላሁበት ቀንም ነበረ፤ ርሃቡ ያው ነበር፣ ጣዕሙ ግን ያ አልነበረም።

አሁን የአንቺን ማዕድ ተመልከቺው። ስልክሽ የሚያውቀው ለየብቻ በሳህን የሚበላ ሰው ነው። እኛ የምንበላው ከአንድ ገበታ ነው። እናትሽ ከራሷ ቀንሳ ወደ አንቺ ትገፋለች፤ አንቺ ወደ ወንድምሽ ትገፊያለሽ። ጉርሻ ስንት ግራም ነው? ማን ያጎረሰሽ እንደሆነ ስልኩ ይጠይቃል እንዴ? የእንጀራውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የደሴው ጤፍ፣ የቆቦው ማሽላ፣ የደጋው ገብስ፣ እያንዳንዱ ምጣድም የራሱ ስፋት አለው። ቁጥሩ ትክክል የሆነ ይመስልሻል እንጂ ግምት ነው። የወሎን ሠርግ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ በአንድ ዳስ ይበላል። ሰው ጎረቤቱ እንዳይቀርበት ብሎ ሁለት በሬ የሚጥልበት አገር ነው። እዚህ አገር ማዕድ ሆድ መሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንቺም ሚዛኑን ስትገዢ ካጣሻቸው ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ አብሮሽ የሚበላውን ሰው ማየት። ዓይንሽ ዘይቱ ላይ ነዋ።

ጌታ 5ቱን እንጀራና 2ቱን ዓሣ ሲባርክ፣ ከመብላታቸው በፊት ተቆጥሯል። ከበሉም በኋላ 12 መሶብ ተርፏል ተብሎ ተቆጥሯል። በመካከሉ፣ ሰዎቹ ሲበሉ፣ የቆጠረ የለም። ዮሐንስ በፈለጉት መጠን ሰጣቸው ነው የሚለው።

ከዚህ በኋላ የምነግርሽ ሥራ ነው። መጀመሪያ ወደ ሐኪም ተመለሺ፤ የሆንሽውን ሳትደብቂ ንገሪው። ያዞርሻል? ፀጉርሽ ይረግፋል? የወር አበባሽ ተዛብቷል ወይም ቀርቷል? የበላሽውን ለማስመለስ ትሞክሪያለሽ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ ዛሬ አትበይ። የምግብ ጭንቀት የታወቀ ሕመም ነው፤ የሚረዱ የአእምሮ ሐኪሞችም አሉ። እዚያ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጸበል መጠመቅም አያግድሽም፤ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የጸበል ጸዲቁንም ጭምር። እንደ ትልቅ ወንጀል አታካብጂው፤ እንደሆነው ንገሪያቸው። ምናልባት ሐኪሙ ለጊዜው አትጹሚ ሊልሽ ይችላል። እንደዚያ ካለ አባትሽ ጾሙን ያቀልሉልሻል፤ የታመመ ሰው ጾም አይገደድም። አንቺ ግን በራስሽ እጅ አትወስኚ፤ በራስሽ እጅ መወሰን ነው እዚህ ያደረሰሽ።

ከዚያ በሳምንት አንድ ማዕድ ምረጪ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከቤተሰብሽ ጋር ከአንድ ትሪ ብዪ። አቡነ ዘበሰማያት ስትደርሺ ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ የምትለዋ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም በዪ፤ የዕለቱን ብቻ ነው የምንለምነው፣ የሳምንቱን ድምር አይደለም። የመጀመሪያው እሑድ ላይጣፍጥሽ ይችላል። ሁለተኛውም። እናትሽ ስታጎርስሽ እጇን አትመልሺ፤ ለጊዜው ይህ ብቻ ይበቃል። ሱፍ ፍትፍቱንም እንድትሠራልሽ ጠይቂያት፤ ለምን እንደተውሽው ግራ ሳይገባት አይቀርም።

ሚዛኑን አትጣይው፤ ገንዘብ ነው። ለእናትሽ ስጫት። የማኅበሩ ተራ እናንተ ቤት ሲደርስ የዳቦውን ዱቄት መዝኑበት።