ጦር ሳይሆን ወረቀት ነው መርከቡን የሚያስቆመው

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። «በኢራን ነዳጅ ላይ ማዕቀብ ተጣለ» የሚለውን ዜና በሰማሁ ቁጥር ግራ ይገባኛል። ባሕር ላይ ቆሞ መርከብ የሚመልስ ጦር ሳይኖር ንግዱ በምን ይቆማል? ደግሞስ ያን ሁሉ ነዳጅ ይዛ ኢራን ራሷ ቤንዚን ከውጭ ትገዛ ነበር የሚባለው እውነት ነው? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆነብኝ።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ እውነት ነው። ከጉድጓድ የወጣ ድፍድፍ እንዳለ መኪና ውስጥ አይገባም፤ መጣራት አለበት። የኢራን ማጣሪያዎች ደግሞ ለሕዝቡ አይበቁም ነበር። ቤንዚኑ በድጎማ እጅግ ርካሽ ስለሆነ ፍጆታው ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ አገሪቱ ከሚያስፈልጋት ቤንዚን ሲሶ ያህሉ የሚመጣው ከውጭ ነበር።

አሜሪካ የገባችው በዚህች ቀዳዳ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ ጁላይ 1 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ ቤንዚን ሻጩን ብቻ አልነካም። መርከብ ያቀረበውንም፣ መድን የሰጠውንም ይቀጣል። አንድ ሽያጭ 1 ሚሊዮን ዶላር ከደረሰ በቂ ነው፤ አንድ ታንከር ቤንዚን ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ምርጫው ግልጽ ነበር፦ ወይ የኢራን ገበያ፣ ወይ የአሜሪካ። ብዙው ነጋዴ ሳይውል ሳያድር ኢራንን ተወ።

ጦር ሳይኖር በምን ይቆማል ላሉት፣ እኔ 14 ዓመት የሠራሁት የመርከብ ጭነት ሰነድ በሚያልፍበት ቢሮ ነው። ለእኔ አንድ ጭነት ነዳጅ ማለት አንድ ወፍራም ፋይል ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ (ጭነቱ መርከብ ላይ መጫኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ) አለ፣ የጥራት ምስክር ወረቀት አለ፣ ባንክ የከፈተው ኤልሲ (ሰነዱ ከተሟላ ለሻጩ እከፍላለሁ የሚል የባንክ ዋስትና) አለ፣ የመድን ሰርተፊኬት አለ። አንዷ ከጎደለች ፋይሉ ይቆማል። ፋይሉ ከቆመ መርከቡም ቆመ ማለት ነው።

በ2012 ክረምት ጠረጴዛዬ ላይ የመጣውን ፋይል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጭነቱ ድፍድፍ፣ መነሻው የኢራን ነዳጅ የሚጫንበት ኻርግ ደሴት። ማኅተሙ ሁሉ በቦታው ነው። ከላይ ግን ከመድን ሰጪው የመጣች አንዲት ገጽ ደብዳቤ ተያይዛለች፦ ከጁላይ 1 ጀምሮ የኢራን ድፍድፍ ለጫነ መርከብ ሽፋን አንሰጥም። አለቃዬ ቀኑን በእርሳስ ከበበና ጎኑ ላይ «ይቆይ» ብሎ ጻፈ። በቃ። ጩኸት የለ፣ ክርክር የለ። ገዢው ከሦስት ሳምንት በኋላ ድፍድፉን ከሌላ አገር ገዛ።

መድን ይህን ያህል ጉልበት ያለው ለምን መሰለዎት? አንድ ትልቅ ታንከር 2 ሚሊዮን በርሜል ይጭናል። ያ ባሕር ላይ ቢፈስ የሚጠየቀው ካሳ በቢሊዮን ነው። ስለዚህ መድን የሌለውን መርከብ ደህና ወደብ አያስጠጋውም። ከዓለም የውቅያኖስ መርከቦች 90 በመቶ ያህሉን የሚሸፍኑት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ የባለመርከቦች የመድን ማኅበራት ናቸው፤ አብዛኞቹም የአውሮፓ ሕግ ይገዛቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለኢራን ድፍድፍ ጭነት መድን እንዳይሰጥ ሲከለክል የእስያ ገዢዎችም አብረው ተያዙ። ጃፓን መላ ያገኘችው መንግሥቷ ራሱ ለአንድ መርከብ እስከ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ዋስ እንዲሆን ሕግ አውጥታ ነው።

ክፍያውም ሌላ ጣጣ ነበር። በማርች 2012 ዋና ዋናዎቹ የኢራን ባንኮች ከስዊፍት፣ የዓለም ባንኮች የክፍያ መልእክት ከሚለዋወጡበት መረብ፣ ተቆረጡ። ነዳጅ ቢሸጥም ገንዘቡ ገዢው አገር ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። በ2011 በቀን 2.5 ሚሊዮን በርሜል ገደማ የነበረው የኢራን ሽያጭ በ2013 ወደ 1 ሚሊዮን ግድም ወረደ።

ይህ ማለት ግን ንግዱ ጨርሶ ቆመ ማለት አይደለም። መርከቦች ቦታቸውን የሚናገረውን መሣሪያ ያጠፋሉ። ስማቸውን ቀለም ቀብተው ይቀይራሉ። ማሌዢያ አቅራቢያ ጭነቱን ባሕር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጡና አዲስ ወረቀት ያወጡለታል። ገዢው አደጋውን አስልቶ ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጩ ደግሞ ሌላ አማራጭ ስለሌለው እሺ ይላል። ያረጀና መድኑ የማይታወቅ መርከብ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ የዓሣ አጥማጆቹን ካሳ ማን ይከፍላል? እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ማዕቀብ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ገንዘብ ማሳጣቱንማ ያሳጣል። የሚያሳዝነኝ ዕዳው የሚወርድበት ሰው ነው። ቤንዚኑ ከውጭ ሲቀር ኢራን በፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎቿ ማምረት ጀመረች፤ ቴህራን በጭስ ስትታፈን ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በዚያ ቤንዚን ላይ ነበር። በኢራን የወደብ ከተማ ባንዳር አባስ ላይ ትልቅ ማጣሪያ ተሠርቶ በ2017 ሥራ ሲጀምር የቤንዚኑ ችግር ቀለለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን አሜሪካ ኢራን ከኃያላን አገሮች ጋር ካደረገችው የኑክሌር ስምምነት ወጥታ፣ በስምምነቱ ተነሥቶ የነበረውን ማዕቀብ መለሰች፣ የድፍድፉ ገቢ እንደገና አሽቆለቆለ። በኖቬምበር 2019 መንግሥት ድጎማውን ቀነሰ። ውሳኔው የወጣው በሌሊት ነው። 10,000 ሪያል የነበረው ሊትር ቤንዚን እስከ ወር ኮታው 60 ሊትር ድረስ 15,000፣ ከዚያ በላይ 30,000 ገባ። ሰዉ አደባባይ ወጣ፤ ብዙ ሰው ተገደለ። ከሟቾቹ ስንቱ ነው ኤልሲ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው?