ከቤት ስልኬ እደውላለሁ፣ ሲደወልልኝ ግን አይጠራም ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። በኢንተርኔት የሚሠራው የቤት ስልካችሁ ወደ ውጭ ያስደውላል። ሰው ሲደውልላችሁ ግን ዝም ነው። ራውተሩን ነቅላችሁ ስትሰኩ ለትንሽ ጊዜ ይሠራና ተመልሶ ይሞታል። ከአገር ቤት የሚደወለው ደግሞ ጭራሽ አይገባም። እናትሽ አብረውሽ ይኖራሉ፣ ስማርት ስልክ አይሆንላቸውም። አዲስ ዕቃ ልግዛ ወይ ነው ያልሽው።

አትግዢ። ቢያንስ ዛሬ አትግዢ። ወደ ውጭ የሚያስደውል ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር በነበሩበት ጊዜ ይኸው ጣጣ ደርሶብኛል። ኩሽና ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ነጭ ስልክ ነበረችን፣ ቁጥሮቿ ትልልቅ። አማቴ ከሷ ሌላ ስልክ አያምኑም። እህታቸው ከደሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። አንድ ወር ሙሉ ሳይደውሉ ሲቀሩ አማቴ "ታማለች፣ ደብቃችሁኝ ነው" ብለው እህል አልቀምስ አሉ። እህትየዋ ደግሞ እዚያ ሆነው "ትጠራለች፣ አያነሱም፣ ተዉኝ" ብለው አኩርፈዋል።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ችግሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ ነው ብዬ ሳክም ነው። ያንቺም ነገር እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ምንም ነገር ከመነካካትሽ በፊት ጥሪው የት ላይ እንደሚቀር እወቂ። የስልክ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንትሽን ክፈቺ። የጥሪ መዝገብ አለ፣ ኮል ሎግ የሚሉት። ከሞባይልሽ ወደ ቤት ስልክ ደውዪና ሰዓቱን ጻፊ። ከዚያ መዝገቡን እዪ። ጥሪው እዚያ ተመዝግቦ ቤት ካልጠራ፣ ችግሩ ከኩባንያው እስከ ኩሽናሽ ባለው መንገድ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ጥሪው ኩባንያው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ያን ጊዜ ራውተርሽን ሌሊቱን ሙሉ ብትነቅዪ ብትሰኪ ዋጋ የለውም። እኔ ይህን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ደዋዩ "ይጠራል እኮ" ቢልሽ አትመኚው። ጆሮው ላይ የሚሰማው የጥሪ ድምፅ ከአንቺ ስልክ የሚወጣ አይደለም። መንገድ ላይ ያለ ማሽን የሚያሰማው ነው። እዚያ እየጠራ እዚህ ቤት ጸጥ ሊል ይችላል። በዚህ የተነሳ ስንት ቤተሰብ ተቀያይሟል።

አሁን ወደ መጀመሪያው በሽታ። "ነቅለን ስንሰካው ለትንሽ ጊዜ ይሠራል" ያልሽው ትልቅ ፍንጭ ነው። ይህን ሙከራ አድርጊ። ከቤት ስልክ ወደ ሞባይልሽ ደውዪና ዝጊው። ወዲያው ከሞባይልሽ ወደ ቤት ደውዪ። ይጠራል። አሁን ማንም ስልኩን ሳይነካ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ድጋሚ ደውዪ። ዝም ካለ በሽታው ታወቀ።

ራውተርሽን እንደ ግቢ ዘበኛ ቁጠሪው። ከውስጥ የሚወጣን ሰው አይከለክልም። ለወጣው ሰው የሚመጣ መልእክትም ለጥቂት ጊዜ ያስገባል፣ ያስታውሰዋላ። ከቆየ ግን ይረሳል። ከዚያ በኋላ በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ "አላውቅህም" ብሎ ይመልሳል። ስልኩ የተሰካባት ትንሿ ሣጥን፣ አዳፕተሯ፣ "አለሁ፣ እዚህ ነኝ" ብላ ለኩባንያው ሰርቨር ትመዘገባለች። ብዙዎቹ ላይ ይህ ምዝገባ የሚታደሰው በየ3600 ሴኮንዱ፣ ማለትም በየሰዓቱ ነው። ዘበኛው ግን ከ30 ሴኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይረሳል። በመሀል ያለው ጊዜ ሁሉ አንቺ ቤት ስልክ የለም ማለት ነው። ስትደውዪ ግን አንቺ ነሽ የምትወጪው፣ ዘበኛው ምን አገባው።

መድኃኒቱ አዳፕተሯ ዘበኛውን ቶሎ ቶሎ ሰላም እንድትለው ማድረግ ነው። በአዳፕተሯ ቅንብር ውስጥ ኪፕ አላይቭ የሚል ቦታ አለ። አብሪውና 20 ወይም 30 ሴኮንድ አድርጊው። የምዝገባውንም ጊዜ ከ3600 ወደ 300 አውርጂው። ሣጥኗ ግራንድስትሪም የሚባለው ኩባንያ ሥሪት ከሆነች መግቢያዋን ማግኘት ቀላል ነው። የተሰካባትን ስልክ አንስተሽ ኮከብን ሦስት ጊዜ ስትጫኚ ድምፅ ይመልስልሻል። ከዚያ 02 ስትዪ የአይፒ አድራሻዋን በቃል ትነግርሻለች። ያንን ኮምፒውተርሽ ላይ ብራውዘር ውስጥ ጻፊው። ኩባንያው ቅንብሩን የቆለፈባት ከሆነች ግን አትታገዪ። ደውለሽ "ኪፕ አላይቭ አብሩልኝ" በያቸው።

የዚሁ በሽታ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራውተሩ ውስጥ ነው። ሲፕ ኤኤልጂ ይባላል። የኢንተርኔት ስልክን ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። የስልኩን መልእክት ከፍቶ አድራሻውን ያስተካክላል፣ እያስተካከለ ያበላሸዋል። እኔ እስካሁን ሲረዳ አላየሁም። ራውተሩ ውስጥ ፈልገሽ አጥፊውና ራውተሩንም አዳፕተሯንም አጥፍተሽ አብሪ። መጀመሪያ ሞደሙ፣ ቀጥሎ ራውተሩ፣ መብራታቸው ሲረጋጋ አዳፕተሯ።

ሁለት ራውተር ካለሽ ደግሞ ሁለት ዘበኛ አለሽ። የኢንተርኔት ኩባንያው የሰጠሽ ሣጥን ራሱ ራውተር ነው። የራስሽን ዋይፋይ ከኋላው ከሰካሽ ጥሪው ሁለት በር ማለፍ አለበት። በራስሽ ራውተር ገጽ ላይ ከኢንተርኔት በኩል ያለውን አድራሻ ተመልከቺ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ከፊቱ ሌላ ራውተር ተቀምጧል። የኩባንያውን ሣጥን ብሪጅ ሞድ ላይ አስደርጊው፣ ዘበኝነቱን ትቶ አሳላፊ ብቻ ይሆናል። በ100.64 እና በ100.127 መካከል ከሆነ ዘበኛው የኢንተርኔት ኩባንያው ግቢ ነው ያለው። በሞባይል ኔትዎርክ በሚሠራ የቤት ኢንተርኔት ላይ ይህ የተለመደ ነው። እሱን አንቺ ማጥፋት አትችዪም። ኪፕ አላይቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያም ያሳልፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ፖርት 5060ን ክፈቺው፣ ይለቅሻል" የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ፖርት ማለት የራውተሩ መግቢያ በር ነው፣ 5060 የኢንተርኔት ስልክ መልእክት የሚገባበት። እኔም ተመክሬ ከፈትኩት። በሦስተኛው ቀን፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። በሌሊት ስልክ ሲጮህ እኛ ቤት ምን እንደሚታሰብ ታውቂያለሽ። አማቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አነሳሁት። ማንም የለም። ቁጥሩ 1001 ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ 100 የሚል። መርዶ አልነበረም። ክፍት ፖርት እያሰሱ በሰው መስመር በነፃ ለመደወል የሚሞክሩ ሌቦች ፕሮግራም ነው። አማቴ ግን እስኪነጋ አልተኙም። በማግስቱ ዘጋሁት። ግራንድስትሪሞቹ ላይ ከኩባንያው ሰርቨር ብቻ ጥሪ ተቀበዪ የሚል ምርጫም አለ፣ እሱንም አበራሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ፣ ከአገር ቤት ወደሚደወለው። የመጀመሪያውን ካስተካከልኩ በኋላ የሞባይል ጥሪ ሁሉ መግባት ጀመረ። የደሴው ግን አሁንም የለም። ሚስቴ አክስቷን በሌላ ሰው ሞባይል በኩል አገኘቻቸውና ምን እንደሚሰሙ ጠየቀቻቸው። "አንዳንዴ ይጠራል። አንዳንዴ አንዲት ፈረንጅ ትቆጣኛለች" አሏት። ያቺ ፈረንጅ ናት መልሱን የያዘችው። ይህ ቁጥር ማንነቱን ከደበቀ ሰው ጥሪ አይቀበልም የምትለዋ የተቀዳች ድምፅ ነበረች።

ከአገር ቤት የሚደወል ጥሪ በብዙ አገናኞች በኩል ነው የሚያልፈው። በርካሹ መንገድ ካለፈ የደዋዩ ቁጥር መንገድ ላይ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። በ251 መጀመር የነበረበት እዚህ ሲደርስ "ያልታወቀ" ይሆናል። እኔ ደግሞ የሻጮችን ስልክ ሽሽት የተደበቀ ቁጥር የሚያግደውን አብርቼ ረስቼዋለሁ። በአሜሪካ ስልኮች በተለመደው አሠራር *77 ያበራዋል፣ *87 ያጠፋዋል። እኔ ቤት በ*87 አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተገላገልኩ። የአንዳንዱ አገልግሎት ኮድ ይለያል፣ ስለዚህ አካውንትሽ ውስጥም እዪው። እዚያው ሳለሽ የማስታወቂያ ጥሪ ማጣሪያ በርቶ እንደሆነ ተመልከቺ። የእናትሽን ዘመዶች ቁጥር አንድ በአንድ "ይግባ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገቢ። ቁጥሩ ሳይጠፋ ሲመጣ ይጠቅማል። "አትረብሹኝ" የሚለውም ብዙ ጊዜ በ*78 በርቶ በ*79 ይጠፋል። እናቶች ቁልፍ ሲነካኩ ይበራል። ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር የሚያዞረውን ደግሞ *73 ይሰርዘዋል።

አንድ ጓደኛዬ ቤት የሆነውን ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም ማንም አያስበውም። ገመድ አልባው ስልካቸው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ድምፁን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነበር። አያታቸው በየእሑዱ በአገር ቤት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። በበጋ እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ ስልኩ ይጠራል። ኖቬምበር ላይ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሆነ። የአያትየው ጥሪ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ዝም ባለበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደቀ። እስከ ማርች ድረስ ኢንተርኔቱን ሲረግሙ ከረሙ።

ስልኩን ራሱን ለመፈተሽ ሁሉንም ነቅለሽ አንድ ቀላል ባለገመድ ስልክ በቀጥታ አዳፕተሯ ላይ ስኪ። እሱ ከጠራ ጥፋቱ የቤቱ ሽቦ ወይም ሌላው ስልክ ነው። ምድር ቤት አንዱ ስልክ እጀታው ተንጋዶ ከተቀመጠ ደዋዩ ሁሉ "ተይዟል" ነው የሚሰማው ወይም ቮይስሜይል ውስጥ ይገባል። በእውነተኛ ደወል የሚጮሁ አሮጌ ስልኮች ከበዙ ደግሞ ትንሿ ሣጥን ሁሉንም የማስጮህ አቅም ያጥራታል።

ቁጥራችሁን በቅርቡ ከሌላ ኩባንያ አዛውራችሁ ከሆነ፣ ከአንዱ ኩባንያ ሞባይል ገብቶ ከሌላው የማይገባ ከሆነ ግን ቤትሽን ተዪው። የቁጥሩ ዝውውር ሁሉም ጋ አልደረሰም። አዲሱ ኩባንያ ነው መከታተል ያለበት።

ለእርዳታ ስትደውዪ "አይሠራም" አትበያቸው፣ ነቅለሽ ስኪ ነው የሚሉሽ። ሁለት ወይም ሦስት ያልገቡ ጥሪዎችን ከነቀናቸው፣ ከነሰዓታቸውና ከነደዋዩ ቁጥር ስጫቸው። "በዚያ ሰዓት አዳፕተሬ ተመዝግባ ነበር ወይ? ጥሪው በምን ኮድ ተመለሰ?" በያቸው። 480 ካሉሽ በዚያ ሰዓት ሣጥንሽን አላገኟትም ማለት ነው። 486 ካሉሽ ስልኩ ተይዞ ነበር። ይህን ስትጠይቂ የሚያናግሩሽ ድምፅ ራሱ ይቀየራል።

እስኪስተካከል ድረስ እናትሽ ከሰው እንዳይቆራረጡ አካውንትሽ ውስጥ አዳፕተሯ ስትጠፋ ጥሪው የት ይሂድ የሚል ቦታ ፈልጊና የሞባይልሽን ቁጥር አስገቢ። እኛ ቤት ይህ ከተደረገ በኋላ የደሴዋ አክስት አንድ ቅዳሜ ሥራ ቦታ አገኙኝ። ሃያ ደቂቃ ነው የወቀሱኝ።

ዛሬ ማታ የአሥራ አምስት ደቂቃውን ሙከራ አድርጊና መዝገቡ ላይ ያየሽውን ጻፊልኝ። የሣጥኗንም ስም ከሥሯ አንብበሽ ጨምሪበት።