ስለ ሸማቾች ማኅበር የጠየቃችሁኝና የምመልሰው

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ፣ በኋላ ደግሞ በቁጥጥር ኮሚቴ። ስለ ሸማች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ከጉለሌ፦ እትዬ፣ ዘይት ወይ ስኳር መጣ ሲባል ከንጋት ጀምረን እንሰለፋለን። ተራችን ሲደርስ አለቀ ይሉናል። የት ነው የሚገባው?

የኔ እህት፣ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ኮታው ራሱ ነው። በድጎማ የሚመጣ ዘይትና ስኳር ማኅበሩ ስለፈለገው ብቻ አይመጣም። ከላይ ተደልድሎ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዴም ከቤተሰቡ ቁጥር በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ሱቅ ላይ የቆመችው ልጅ ምንም ብታደርግ አይበቃም፣ ስድቡን ግን እሷ ናት የምትሰማው። ሁለተኛው የምትጠረጥሪው ነው፣ እሱም አለ። በጓሮ በር የሚወጣ አለ። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ዕቃ በገባ ቀን ስንት ሊትር እንደገባ፣ ለስንት አባወራ እንደሚታደል፣ ማታ ላይ ስንት እንደቀረ በር ላይ ይለጠፍ። ይህን ጠይቁ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። በር ላይ መለጠፍ የማይፈልግ ኮሚቴ ካለ እሱን በጠቅላላ ጉባኤ አንሱት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለዘይት የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ምስሩን፣ ሳሙናውንና ፓስታውን ከየት ነው የሚገዛው? ከሌላ ሱቅ። በኮታ ዘይት ላይ የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው፣ ዋጋውም የተቆረጠ ነው። ማኅበሩ የሚኖረው በሌላው ሸቀጥ ነው። ሸማቹን የመንግሥት ማደያ ብቻ አድርገን ካየነው ኮታ በቀረ ቀን ይዘጋል።

ከጀሞ፦ ድሮ ሸማች ርካሽ ነበር። አሁን ጤፉም ዱቄቱም ከውጭ ጋር እኩል ሆነ። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ይሄ የሁሉም ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ በቁጥር ላስረዳ። ቁጥሩ ምሳሌ ነው። ማኅበሩ 400,000 ብር አለው እንበል። ጤፍ በኩንታል 10,000 ብር ሆኖ 40 ኩንታል ገዛ። ለአባል እንዳይከብድ በኩንታል 300 ብር ብቻ ጨምሮ ሸጠ። እጁ ላይ 412,000 ብር ገባ። ከዚያ ላይ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጫኝና አውራጅ፣ በሚዛን የሚጎድለው ሁሉ ይወጣል። እነሱን ሁሉ ተዋቸውና ሙሉውን ይዞ ወደ ገበያ ሄደ እንበል። ጤፍ 11,500 ገብቷል። አሁን የሚገዛው 36 ኩንታል እንኳ አይሞላም። መዝገቡ ላይ አትርፏል፣ መጋዘኑ ውስጥ ግን ከስሯል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ባዶ ሱቅ አይገባም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይም ይኸው ጭንቀት አለ። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ፓስታው ሁሉ።

ስለዚህ ዋጋው ለምን ከገበያ ጋር ተጠጋ ከማለት በፊት የሚጠየቀው ከማን ነው የሚገዛው የሚለው ነው። ማኅበሩ ጤፉን ከእህል በረንዳ ነጋዴ የሚገዛ ከሆነ ከሰፈሩ ባለሱቅ ምንም አይለይም። ከገበሬ ማኅበራት ዩኒየን በቀጥታ፣ በምርት ወቅት፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከገዛ ግን ልዩነት ይመጣል። ችግሩ በዚያ ወቅት ጥሬ ገንዘብ የለውም። ብድር ሲጠይቅ መያዣ ይባላል፣ ቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አይደለም። የሸማቾች ማኅበር ዋናው በሽታ፣ እኔ እንደማየው፣ ሌብነት ሳይሆን ይሄ ነው። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ማነስ።

ከሳሪስ፦ አባል ሳልሆን መግዛት እችላለሁ?

የኮታውን ዕቃ በነዋሪነት መታወቂያ ነው የሚሰጡሽ። ሌላውን ማንም ይገዛል። ግን አባል ሁኚ፣ ድምፅ የሚኖርሽ ያኔ ነው።

ከልደታ፦ የማኅበሩን እጣ፣ ማለትም የአባልነት ድርሻ፣ ከገዛሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የትርፍ ክፍፍል የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ተበላሁ ማለት ነው?

ወንድሜ፣ ላይሆን ይችላል፣ ሊሆንም ይችላል። ትርፍ የሚከፋፈለው ሒሳብ ሲመረመር ነው። ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ማከፋፈል የለበትም። ብዙ ቦታ ኦዲቱ ራሱ ለዓመታት ይዘገያል፣ ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ማኅበሩ ብዙ ነው። የእናንተ በመጨረሻ መቼ ኦዲት ተደረገ? መጀመሪያ ይህን ጠይቅ። ቀጥሎ ከትርፉ ላይ ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ አለ፣ እሱ አይከፋፈልም፣ ማኅበሩን በክፉ ቀን የሚያቆመው እሱ ነው። የቀረው ደግሞ በእጣ ብቻ ሳይሆን በግዢም ሊከፋፈል ይገባል። ብዙ የገዛ አባል ብዙ ያገኛል ማለት ነው። ግን የአባላትን ግዢ በየስማቸው የሚመዘግብ ማኅበር ስንቱ ነው? ደረሰኝህን የምትጥል ከሆነ አንተም ማስረጃ የለህም። የኛ ሰው ይህን መብቱን አያውቅም፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው።

ከኮልፌ፦ የሰፈራችን ባለሱቅ በዱቤ ይሰጠናል። ሸማች እንቢ ይላል። ደመወዝ እስኪመጣ ምን እንብላ?

እውነት ነው፣ ባለሱቁ ደፍተሩን ከፍቶ ይጽፍላችኋል፣ በወር መጨረሻ ትከፍላላችሁ። ሰው ለሱ ታማኝ ቢሆን አልፈርድም። ነገር ግን ባለሱቁ የሚያበድረው የራሱን ገንዘብ ነው፣ ማን እንደሚከፍል በፊቱ ያውቃል፣ ዋጋውም ላይ አስቦበታል። የማኅበር ሠራተኛ ዱቤ ከሰጠች የምታበድረው የሁላችሁን ነው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል የሚባል ከተማ ውስጥ በ1844 እ.ኤ.አ. 28 ሰዎች ሆነው ሱቅ ሲከፍቱ፣ የዛሬው የሸማቾች ማኅበር ሁሉ አርአያ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ የሚሸጡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ሻማ ነበር። ዱቤ አንሰጥም ብለው ነው የጀመሩት። ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ሀብታም ሆነው አይደለም እንቢ ያሉት። ከነሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሱቆች በዱቤ ወድቀው አይተዋል። አሠሪ መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ቆርጦ የሚከፍልበት የሠራተኞች ማኅበር ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ይሠራል። የሰፈር ማኅበር ግን ዱቤ ውስጥ ባይገባ እመክራለሁ። ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቁሙ።

ከቂርቆስ፦ የማኅበሩን ሥጋ ቤትና መዝናኛውን ለግለሰብ አከራዩት። ትክክል ነው?

እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ለምን እንደሚያከራዩ ግን ይገባኛል። ሥጋ ቤት ከባድ ሥራ ነው፣ በሬ መግዛት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ በክብደት ከተሸወዱ ኪሳራ ነው። ኪራይ ግን በየወሩ ይገባል፣ ራስ ምታት የለውም። ኮሚቴው ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ የሚያገለግል ሰው ነው፣ ቀን ሥራውን ሠርቶ ማታ ስብሰባ የሚገባ። ይደክማል። ስለዚህ አንዱን ያከራያል፣ ቀጥሎ ወፍጮውን፣ ቀጥሎ አዳራሹን። በመጨረሻ ማኅበሩ ቤት አከራይ ይሆናል፣ አባሉ ደግሞ ሥጋውን በተከራዩ ዋጋ ይገዛል። የሸማች ሥጋ ቤት ከውጭው ረክሶ መሸጡ ስንት ቤተሰብ በበዓል እንዳሳለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። ማከራየት ግድ ከሆነ በግልጽ ጨረታ ይሁን፣ ውሉ ላይ ለአባላት የሚሸጥበት ዋጋ ይጻፍ፣ ጊዜው ይገደብ። በኪራዩም ገንዘብ ጤፍ ይገዛበት።

ከየካ፦ ሱቃችን ሁልጊዜ ጉድለት አለው። ሌባውን እንዴት እንያዘው?

ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት አሠራራችሁን ፈትሹ። የሚገዛው፣ መጋዘን የሚረከበውና የሚሸጠው አንድ ሰው ከሆነ ጉድለቱን ማንም አያገኘውም። ሦስቱን ለዩ። ቆጠራ ሳይታሰብ ይደረግ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ብቻ አይሁን። ጤፍና ስኳር ሲራገፍና በኪሎ ሲሸጥ ትንሽ ይጎድላል፣ ያ የተፈጥሮ ነው። መጠኑን ቀድማችሁ ወስኑና ከሱ ያለፈውን ጠይቁ። አለበለዚያ ንጹሕ ልጅ በግራም ጉድለት ስትባረር ትልቁን የሚበላው በደረሰኝ ያስተካክላል። የግዢ ኮሚቴውን ደረሰኝ የቁጥጥር ኮሚቴ ሻጩ ጋ ሄዶ ያመሳክር። ይሄን ስታደርጉ የሚቆጣ ይኖራል፣ ይቆጣ።

ከአያት፦ ሰፈራችን በልማት ፈረሰ፣ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን። እጣችንስ?

ልጄ፣ ይሄ ጥያቄ ብዙ ሰው ጋ አለ፣ በተለይ የኮሪደር ልማቱ የመሐል ከተማ ሰፈሮችን ካነሳ ወዲህ። አባልነታችሁ ከቤቱ ጋር አይፈርስም። ማኅበሩ እስካለ ድረስ አባል ናችሁ፣ መውጣት ከፈለጋችሁ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት እጣችሁ ይመለሳል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጣዬን መልሱ ካለ ማኅበሩ ያልቃል፣ ያለ ሰፈር ደግሞ ገዢ የለውም። የማየው መፍትሔ ማኅበሩ ሳይፈርስ፣ አባላቱ የበዙበት አዲስ ሰፈር ላይ ቅርንጫፍ መክፈት ነው። እዚያ ያሉት ሰዎችም እንደናንተው አዲስ ናቸው፣ ወፍጮ ራሱ ያጣሉ። አድራሻችሁን ግን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ካልተጠራችሁ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፣ በሌላችሁበት ይወሰናል።

ከዚያው፦ እሁድ ገበያ ሸማችን ገደለው ይላሉ?

በአትክልትና በጤፍ ላይ ተጋፋው። ለሸማቹ ሕዝብ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ሸማች ደግሞ ሰኞም ማክሰኞም ክፍት ነው፣ ጉልበቱ እሱ ነው። ሽንኩርት ላይ አትወዳደሩ።

ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛም እዚህ አበሾች ተሰብስበን የጋራ ሱቅ ልንከፍት አስበናል። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ምን ትመክሪናለሽ?

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን ፍቅር ብቻውን አያሻሽጥም። በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ የሆነውን አንብቡ። ትልቁ ሱቅ በ1998 እ.ኤ.አ. ለቅቆባቸው ለዓመታት ያለ ምግብ ሱቅ የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሰፈርተኞች ታግለው፣ ገንዘብ አሰባስበው፣ ከ1,000 በላይ አባል መዝግበው በ2016 እ.ኤ.አ. ሬኔሳንስ የሚባለውን የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተዘጋ። ሽያጩ ካሰቡት ላይ ሳይደርስ ዕዳው ቀደመ። አባል መሆንና ከዚያ መግዛት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በሌላ በኩል ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ያለው ፓርክ ስሎፕ የሚባለው የአባላት የምግብ ሱቅ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እዚያ አባላቱ ራሳቸው በተራ ገብተው ይሠራሉ፣ የሠራተኛ ወጪው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እናንተ ቅዳሜ ወይ እሁድ ተራ ለመግባት የሚፈርም ስንት ሰው አላችሁ? ደግሞ አካባቢያችሁ የግል የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ እነሱም ወገኖቻችሁ ናቸው። ሲጀመር ሱቅ አትከራዩ። ጤፍና በርበሬ በጋራ በጅምላ አስመጥታችሁ ተከፋፈሉ። ያ ዓመት ሙሉ ሳትጣሉ ከሄደ ሱቁን ያኔ ታስቡታላችሁ።

ከመገናኛ፦ እትዬ፣ አካውንቲንግ ተምሬ ነው የጨረስኩት፣ የእናቴን እጣ ወርሼ አባል ሆንኩ። ጠቅላላ ጉባኤ ስገባ ምን ልጠይቅ?

ጎበዝ! እንዳንቺ ያለ ሰው ነው የጠፋው። አዳራሹ ውስጥ አብዛኛው ሰው በዕድሜ የገፋ ይሆናል፣ አትፍሪ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ አንድ እጣ ያለውም አሥር እጣ ያለውም እኩል ነው። የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ቅጂ ጠይቂ። ካለፈው ዓመት ጋር የመጋዘኑን ዕቃ በብር ብቻ ሳይሆን በኩንታል አወዳድሪ። የሚሰበሰብ ሒሳብ የሚለው መስመር ላይ ማን ስንት እንዳለበት ስም ይነበብልሽ። የሥራ አመራር ኮሚቴው መቼ እንደተመረጠ ጠይቂ፣ ዘመኑ 3 ዓመት ነው። ከዚያ የቁጥጥር ኮሚቴ ምርጫ ሲመጣ እጅሽን አውጪና ራስሽን ጠቁሚ።