ስለ ጉልበት ጅማት የኮምፒውተር ሞዴል፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘው፣ በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና ሲተካ፣ በተተኪው ጅማት ላይ የሚያርፈውን ውጥረት በፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም አካሉን በኮምፒውተር ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች (ኤለመንቶች) በመከፋፈል፣ ስለማስላት እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። መልሶቹ እነሆ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ መምህር፣ ተተኪው ጅማት እንዲያልፍበት በተበሳው የአጥንት ቀዳዳ አፍ ላይ፣ በሞዴሉ ሥዕል፣ ቀልቶ (ውጥረቱ በዝቶ) ይታየኛል። እዚያ ይበጠሳል ማለት ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ጊዜ ይገባዋል። የጭን አጥንቱን ቀዳዳ አፍ እንደ ቢላ ስለት አድርገህ ከሣልከው፣ ሜሹን (የኤለመንቶቹን መረብ) ባደቀቅህ ቁጥር ውጥረቱ መጨመሩን አያቆምም፤ ቁጥሩን የሚወልደው ስለቱ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ሞዴሉን ሲያሳየኝ በጠርዙ ላይ ያሉትን ኤለመንቶች በግማሽ እንዲያሳንስ ነገርሁት፤ ከፍተኛው ውጥረት አሻቀበ። ደግሞ አሳነሰ፣ ደግሞ አሻቀበ። ጠርዙን በጥቂቱ ክብ አድርጎ ሲያሰላ ግን ቁጥሩ ረጋ። ቀዶ ሐኪሙም ጅማቱ በሾለ አጥንት እንዳይፋቅ የቀዳዳውን አፍ በሞረድ ያለሰልሳል። ከዚያም በኋላ ጅማቱ ከቀዳዳው ሲወጣ በሚታጠፍበት በኩል ውጥረት ይበዛል፤ ይህኛው እውነተኛ ነው፣ ቀዳዳው የተበሳበት አቅጣጫ ሲለወጥም አብሮ ይለወጣል። ቀለም ብቻውን ውጤት አይደለም።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ፌቢዮ ለምርምር በነጻ ይገኛል። መጀመሪያ ግን ምን ለማወቅ እንደፈለግህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ሞዴሌ አልሠራ አለኝ፣ እባክዎ ይርዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ ልረዳሽ አልችልም። ሞዴሉ የት እንደታሰረ (እንዳይንቀሳቀስ እንደተደረገ)፣ ምን ያህል ኃይል እንደተጫነበትና በምን መለኪያ እንደሠራሽ ግለጪ። በሚሊሜትርና በኒውተን ከሠራሽ ውጥረቱ የሚወጣው በሜጋፓስካል ነው።

ጥያቄ፦ ጅማቱን እንደ ብረት ዘንግ ብወስደውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የፋሲል ግንብ ቅስት ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጫኑ ይጸናል፤ ጅማት ግን ሲሳብ እንጂ ሲገፋ አይሠራም። በኤምአርአይ የሚታየው ጅማትም እግር ሲዘረጋ በጥቂት በመቶ ተስቦ ያለ ነው፤ ያንን ቅርጽ ከውጥረት ነጻ አድርጎ የጀመረ ሰው የሚያገኘው የውጥረት ቁጥር ያነሰ ይሆናል። ለተተኪው ጅማት ደግሞ ሐኪሙ ከማሰሩ በፊት በስንት ኒውተን እንደሚስበው ጠይቃችሁ ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። ይህን ሳልሰለች እደግመዋለሁ፤ ብዙ የመመረቂያ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ የተፈጥሮው ጅማት ስንት ኒውተን ይችላል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ፣ ከሞቱ ሰዎች በተወሰዱ ጉልበቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ22 እስከ 35 ዓመት የሆኑት በአማካይ 2,160 ኒውተን ሲችሉ፣ ከ60 እስከ 97 ዓመት የሆኑት 658 ብቻ ችለዋል። ስለዚህ የኳስ ተጫዋችንና የአዛውንትን ጉልበት በአንድ ቁጥር አታስሉ።

አባል (ከአራዳ)፦ እንግዲያው ለመተኪያ ከጉልበት ሎሚው በታች የሚወሰደው ጅማት ነው የሚሻለው።

ሌላ አባል፦ አልስማማም፤ ከጭን ጀርባ ተወስዶ፣ ታጥፎ አራት ድርብ የሚሆነው ይበልጣል።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። በቤተ ሙከራ ሁለቱም ከተፈጥሮው ጅማት ይጠነክራሉ፤ ከተተከሉ በኋላ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የደም ሥር እየገባቸው ሲታደሱ ይደክማሉ። የመጀመሪያውን ቀን የሚያሰላ ሞዴል ስለዚያ ምንም አይናገርም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ የአባቴን ጉልበት ያማቸዋል፤ በሞዴል ይታወቃል?

መልስ፦ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ቀይ ቦታ ካየሁ አደገኛ ነው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጠያቂ መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። ቀለም ብቻውን ውጤት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሞዴሌ ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጉልበቱን 30 ዲግሪ አጥፈህ የቅልጥሙን አጥንት በ134 ኒውተን ወደ ፊት ሳብ፤ የተንሸራተተበትን ሚሊሜትር በቤተ ሙከራ ከተለካው ጋር አስተያይ። ቀጥሎ ጅማቱን ከሞዴሉ አውጥተህ ያንኑ ድገም። ቅልጥሙ እጅግ ርቆ መንሸራተት አለበት፤ ካልተንሸራተተ ጉልበቱን ይዞት የነበረው አንተ ያሰርክበት ቦታ እንጂ ጅማቱ አልነበረም።