የጎን ክፍል ሲጮህ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አትጠብቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። እህታችን ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ኮምቦልቻ አንድ ሪዞርት አርፋ፣ የጎን ክፍል ሰዎች ስፒከር ከፍተው እስኪነጋ አላስተኟቸውም። አሁን ደግሞ ጥር ላይ ደሴ አቅራቢያ ወዳለው ሐይቅ ዳር ለመሄድ አስባለች። «እንዲህ ሲያጋጥም ሄዶ ማንኳኳት ነው? ሪሴፕሽን መንገር ነው? ወይስ እንግዳ ነኝ ብሎ ዝም ማለት?» ብላ ጠይቃለች።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዘመድ ከአዲስ አበባም ከውጭም ሲመጣ ይዤው የምወርደው ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ሐይቅ ነው፤ የደሴ ብርድ እንግዳ አያስቀምጥም። ስለዚህ ነገሩን ከባንኮኒው ኋላም፣ ከአልጋው ላይ ሆኜም አውቀዋለሁ።

ዋናውን ልንገርሽ፤ በጊዜ ተናገሪ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ። እኛን ይሉኝታ ይይዘናል። «ትንሽ ይጫወቱ፣ ይደክማቸዋል» እንላለን። 4 ሰዓት ይሆናል፣ 6 ሰዓት ይሆናል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትዕግሥታችን ያልቅና በንዴት ብድግ እንላለን። በዚያ ሰዓት እነሱ ጠጥተዋል፣ አንቺ ተናደሻል፣ የሪሴፕሽኑ ልጅ ሶፋ ላይ ጋደም ብሏል፣ ማናጀሩ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ያንኑ ጥያቄ 3 ሰዓት ላይ ብታቀርቢው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ ያየኋቸው የእንግዶች ጠቦች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ሰው ችሎ ችሎ ዘግይቶ ሲናገር የተነሱ ናቸው።

ለማን ልንገር ላልሽው፣ መጀመሪያ ለሪሴፕሽን ነው። ግን አነጋገርሽ ይለያል። «ጩኸት በዛ» ካልሽው ልጁ «እሺ እናያለን» ብሎ ይቀመጣል። የሌሊት ተረኛ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ሥልጣን የለውም፣ ደንበኛ ላስቀይም እንዴ ብሎ ይፈራል። የሚሠራውን ነገር ቆርጠሽ ስጪው። «ከጎናችን ያለው ክፍል ሙዚቃ ከፍቷል። ከጥበቃው ጋር ሄደህ አስቀንስልኝ። በ15 ደቂቃ ካልሆነ ሌላ ክፍል ቀይርልኝ» በይው። ከጥበቃው ጋር ማለትሽ ልጁን ያግዘዋል። ብቻውን ሄዶ ማንኳኳት ይከብደዋል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን የቤቱ ሕግ ነው የሚመስለው። ደግሞ ቀን ስትገቢ የማናጀሩን ስልክ ተቀበዪ። በፈገግታ «ማታ አንድ ነገር ቢያጋጥመኝ ለማን ልደውል?» ማለት ነው። ቀን ላይ ማንም አይከለክልሽም።

ራስሽ ማንኳኳት ያለብሽ ጊዜም አለ። ጎረቤቶችሽ ቤተሰብ ከሆኑ፣ ልጆች ካሏቸው፣ ወይም የሰርግ እንግዶች ከሆኑ ከሪሴፕሽን ይልቅ ያንቺ ሁለት ቃል ይሰማል። እናቴን ይዤ ሐይቅ ዳር ያደርንበትን ምሽት ልንገርሽ። አጠገባችን የሰርግ አጃቢዎች ገቡ። ከበሮው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚመታው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩ ክፍት ነበር። ደፉ ላይ ቆመችና መጀመሪያ መረቀች። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይውለዱ ይክበዱ!» አለች። ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሱ። «ይግቡ እማማ፣ ይግቡ!» አሏት። ከዚያ «ልጆቼ፣ ደም ግፊት አለብኝ፤ አፈር ስሆን፣ ጨዋታውን ወደዚያ ወደ ዛፉ ሥር አውጡልኝ» አለች። ከበሮውን ይዘው ወጡ። ጠዋት ቁርስ ላይ ከመካከላቸው አንዷ ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀቻት።

እናቴ «አቁሙ» አላለችም። ለደስታቸው ሌላ ቦታ አሳየቻቸው። አንቺም ከእናትሽ ጋር ስለምትሄጂ ይህን አስቢበት። ወሎ ውስጥ የእናት ቃል ይከበራል፤ ጎረምሳ ቢሆን እንኳ ለነጠላ ለባሽ እናት ድምፁን ያወርዳል። አቅሙ ካላት አንቺ ከኋላ ቆመሽ እሷ ትናገር። ከሰዓት በኋላ ቡና የምታፈሉ ከሆነም ጎረቤቶቹን ጥሯቸው። አቦል አብሮሽ የጠጣ ሰው ማታ ስፒከሩን ሊከፍት ሲል ያስብሻል።

የሰከሩ ወንዶች ብቻ ካሉ ግን፣ ጠርሙስ የሚጋጭ ወይም የጠብ ድምፅ ከሰማሽ፣ በፍጹም እንዳታንኳኪ። በርሽን ቆልፊ፣ ለጥበቃው ደውዪ፣ እስኪመጣ ልጆቹን አትልቀቂ። ካስፈለገ ፖሊስ የሚጠራው ሪዞርቱ ነው፤ አንቺ ወደ ኮሪደሩ አትውጪ።

አሁን ስለ ክፍሉ ልንገርሽ፤ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው አልጋ ስትይዢ ነውና። በእኛ አካባቢ ብዙ ማረፊያዎች ላይ የሁለት ክፍል መለያ ግድግዳ የሚያበቃው ኮርኒሱ ጋ ነው። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ቢሆንም ድምፁ በላይ ዞሮ ይገባል፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ የምትሰሚው ለዚህ ነው። ስለዚህ የመደዳውን የመጨረሻ ክፍል ጠይቂ፤ ጎረቤትሽ በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል። ከተቻለ ለብቻው የቆመ ጎጆ ያዢ። በሁለት ክፍል መካከል የሚከፈት በር ያለበትን ክፍል አትቀበዪ፤ ቢቆለፍም የድምፅ መግቢያ ነው። ጀነሬተሩ የት እንደተቀመጠም ጠይቂ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመስኮትሽ ሥር የሚነሳ ጀነሬተር ከማንኛውም ጎረቤት ይብሳል፤ እሱን ደግሞ «ቀንሱ» አትይውም። ኮምቦልቻ ከሆነ የአስፋልቱን ወገን ተዪ። ከተማዋ የከባድ መኪና መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ባቲና ሚሌ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ሊወጣ ማርሽ እየቀነሰ ያጓራል።

ሐይቅ ዳር ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ማታ ውሃው ላይ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቃት አየር ድምፁን ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀን የማይሰማሽ ወሬ ማታ ከማዶ ጥርት ብሎ ይመጣል። ውሃው አጠገብ ያለው ክፍል ለዓይን ያምራል፣ ለእንቅልፍ ግን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ይሻላል። ለእናትሽ የኋለኛውን እመርጥላታለሁ።

የጆሮ መድፈኛ ይዘሽ ሂጂ። ጥጥ ብዙም አይረዳም። ስፖንጅ መሳዩን ግዢ፤ በጣትሽ አሽተሽ አቅጥኚው፣ በሌላኛው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊና አስገቢው፣ እስኪነፋ ያዥው። ወሬና ሳቅ በደንብ ይቀንሳል። ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለትንንሽ ልጆች አታድርጊላቸው፤ አውጥተው ሊውጡት ይችላሉ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ዝጊ። አልጋው ከተንቀሳቀሰ ራስጌውን ከጋራው ግድግዳ አርቂው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለውጡን ታዪዋለሽ።

የሚጮኸው ሪዞርቱ ራሱ ከሆነስ? ቅዳሜ ማታ ዲጄ አቁሞ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሚያስጨፍር ቤት አለ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ማረፊያ ብሎ አከራይቶ እንቅልፍ መንሳት ልክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ተራ ወሬ 60 ገደማ ነው። ስልክሽ ላይ መለኪያ አፕ ጫኚ፤ ልኬቱ ፍጹም ባይሆንም «ጮኸብኝ» ከማለት ይልቅ ክፍልሽ ውስጥ የወጣውን ቁጥር ለማናጀሩ ብታሳዪው ወሬው ይቀየራል። የጎረቤት ጭፈራ ቤት ነው የሚያስቸግረን የሚል ባለቤት ካጋጠመሽ ደግሞ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አለለት። ባለይዞታ ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ የሚከለክል ነው። ለአንድ ሌሊት እንግዳ ፍርድ ቤት መሄድ አይታሰብም፤ ባለቤቱ ግን ሊጠይቅበት ይችላል።

አዛንንና ቅዳሴን ግን ከዚህ ጋር አትደምሪው። ደሴም ኮምቦልቻም መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ያሉባቸው ከተሞች ናቸው። ንጋት ላይ የሚሰማው የአገሩ ድምፅ ነው። እንቅልፍሽ ስስ ከሆነ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቤት ምረጪ፤ ቅሬታ ግን አይቀርብበትም።

ስለ ብር አንድ ነገር ልበል። የሦስት ሌሊቱን በአንዴ አትክፈዪ። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ክፈዪና ደረሰኝ ተቀበዪ። ሁሉን ከከፈልሽ በኋላ ብር ማስመለስ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ያልተከፈለ ሌሊት በእጅሽ ካለ ግን ክፍል ለመቀየር ይሮጣሉ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ ጥር ያልሽው አሳስቦኛል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሰርግ በሰርግ ነው። በቅርብ ዓመታት ረመዳንም ከዐቢይ ጾም ጋር እየተገጣጠመ ስለሆነ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾም ሳይገባ ልድረስ ይላል። ቅዳሜና እሁድ አዳራሽ ያለው ሪዞርት ባዶ አይገኝም። መስከረም 21 አካባቢ ደግሞ የግሸን ማርያም ተጓዥ ደሴን ይሞላታል፤ ሌሊት ላይ የሚነሳው መኪና ብዙ ነው። ቀኑን ማዘዋወር ከቻልሽ ጾም ከገባ በኋላ ሂጂ። ዲጄው የለም፣ ግቢው ጸጥ ይላል፣ ዋጋውም ላይ መነጋገር ይቻላል።

የግድ ጥር ከሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ያዢ። ደውለሽ ስታጣሪ «ሰርግ አለ ወይ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። እንግዳ እንዳይቀርባቸው «ኧረ ችግር የለም» ይሉሻል። «አዳራሹን ለዚያ ቀን ልይዘው እችላለሁ?» በያቸው። ያኔ መዝገቡን ገልጠው ያዩታል፣ ተይዞ ከሆነም እውነቱን ይነግሩሻል።