«አድቫንስድ» የሚለው የጠላቂዎች ካርድ ምን ያረጋግጣል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ሐምሌ ኤይላት ውስጥ የመጀመሪያውን የስኩባ (የአየር ሲሊንደር ይዞ የመጥለቅ) ሥልጠና ጨርሼ «ኦፕን ዋተር» የተባለውን የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። አሠልጣኜ አሁን በሁለት ቀን ውስጥ «አድቫንስድ» የሚባለውን መጨመር እንደምችል ነግሮኛል። ይህንኑ ካርድ የያዘች ጓደኛዬ ግን አብረን በጠለቅንበት ጊዜ በእግሯ ኮራሉን ስትመታ፣ አየሯም ሳታስተውለው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አይቻለሁ። ካርዱ እውነተኛ ችሎታን ያሳያል ወይስ ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ ነው? 30 ሜትር እንውረድ ስትለኝስ ልከተላት?
(አንባቢ፣ ከአሽዶድ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ አይከተሏት። እርስዎ የሠለጠኑት እስከ 18 ሜትር ድረስ ነው፤ የጓደኛዎ ካርድ ደግሞ የእርስዎን ገደብ አያሰፋም፣ እርሷንም አሠልጣኝ አያደርጋትም።

ወደ ካርዱ ስንመለስ፣ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው፣ ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የሚሰጠው «አድቫንስድ ኦፕን ዋተር» የሚጠይቀው 5 ጠለቃዎችን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጥልቅ ጠለቃና በኮምፓስ አቅጣጫ መፈለግ ግዴታ ሲሆኑ፣ ሌሎቹን ሠልጣኙ ይመርጣል፤ የማጠቃለያ የጽሑፍ ፈተናም የለውም። የመጀመሪያው ሥልጠና በባሕር ላይ 4 ጠለቃዎችን ስለሚያካትት፣ አንድ ሰው በሕይወቱ 9 ጊዜ ብቻ ጠልቆ «አድቫንስድ» ሊባል ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ኤስኤስአይ የተባለው ድርጅት ለተመሳሳይ ስያሜ 4 ልዩ ሥልጠናዎችንና 24 የተመዘገቡ ጠለቃዎችን ይጠይቃል። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ካርድ አንድ ዓይነት ስም ቢኖረውም፣ በስተጀርባው ያለው ልምድ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ይሁን እንጂ ካርዱ ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። ኮርሱ የሚያረጋግጠው ሰውየው በአሠልጣኝ ፊት አዳዲስ ሁኔታዎችን አንድ ጊዜ መሞከሩን ነው፤ ስሕተቱ ይህንን ሙከራ እንደ ብቃት ማየቱ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በጥልቀት ላይ ነው። በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ በውኃው ገጽ ላይ ካለው 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየርም 4 እጥፍ ይሆናል። እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በውኃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ ጥልቀት ላይ 80 ሊትር ይጠቀማል፤ ለመጠባበቂያ 50 ባር ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው 1,800 ሊትር ከ23 ደቂቃ በታች ብቻ ይበቃዋል። ከደነገጠ ትንፋሹ ስለሚፈጥን ይህም ጊዜ ያጥራል፤ ጓደኛው አየር አልቆባት ከእርሱ ሲሊንደር መተንፈስ ከጀመረች ደግሞ ፍጆታው ቢያንስ በእጥፍ ይጨምራል። በዚያው ጥልቀት ናይትሮጅን አእምሮን ያደነዝዛል፤ የአየር መለኪያውን ማየት የሚረሳውም ብዙውን ጊዜ ማየቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። እዚህ ላይ ለጓደኛዎ ልከራከርላት፤ አየር ቶሎ መጨረስ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ የሰውነት ግዝፈትም ድርሻ አለው። የሚያሳስበኝ ሳታስተውለው መቅረቷ ነው።

ችሎታን ለማየት ከፈለጉ፣ ሰውየው ከውኃው ከመውጣቱ በፊት በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ የደኅንነት ቆይታ ሲያደርግ ይመልከቱት። ገመድ ሳይዝና እጁን ሳያወናጭፍ ባለበት ጥልቀት ይቆያል? ስንት ባር እንደቀረው ሲጠየቅ መለኪያውን ከማየቱ በፊት በግምት ያውቀዋል? መነጽሩ ውስጥ ውኃ ሲገባ ተረጋግቶ ያወጣዋል? ኮራል ቀስ ብሎ የሚያድግ ሕያው ፍጡር በመሆኑ፣ ሰውነትን በውኃ ውስጥ ሚዛኑን አስጠብቆ መያዝ የጠላቂው ደኅንነት ብቻ ሳይሆን የቀይ ባሕርም ጉዳይ ነው፤ በበኩሌ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

ችሎታ በጊዜም ይደበዝዛል። በእስራኤል ውስጥ ከ6 ወር በላይ ያልጠለቀ ሰው፣ የያዘው ካርድ ምንም ቢሆን፣ ከመደበኛ ጠለቃ በፊት ከአሠልጣኝ ጋር የማደሻ ጠለቃ እንዲያደርግ ይጠየቃል። አንዳንዶች ይህን ሥርዓት እንደ ገንዘብ ማግኛ ሲያማርሩበት እሰማለሁ፤ እኔ ግን በጣም ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከሐምሌ ወዲህ ካልጠለቁና ጊዜው ካለፈ፣ እርስዎንም ይመለከታል።

ኮርሱን ይውሰዱ፤ ነገር ግን አሁኑኑ አይደለም። አስቀድመው ከ18 ሜትር ሳያልፉ ከልምድ ካላቸው ጠላቂዎች ጋር ደጋግመው ይጥለቁ፣ የእያንዳንዱን ጠለቃ ጥልቀትና የአየር ፍጆታ በመዝገብ ደብተርዎ ይጻፉ። ከዚያም ከመክፈልዎ በፊት አሠልጣኙን በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚወርድና አንድን መልመጃ በሚገባ ያልሠራ ተማሪ እንዲደግም ያደርግ እንደሆነ ይጠይቁት፤ «እስካሁን የደገመ ተማሪ የለም» ካለዎ ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጉ።